ከዋክብት ከምን እንደተሠሩ ከብርሃናቸው ማንበብ፦ በጫማ ካርቶንና በአሮጌ ሲዲ የሚጀመር መመሪያ

ማታ ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሰው በመንገዱ ላይ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ብርሃን ያልፋል፦ ነጫጮቹን የኤልኢዲ የመንገድ መብራቶች፣ በየሱቁና በየካፌው የሚበሩትን ኃይል ቆጣቢና ረጃጅም የፍሎረሰንት አምፑሎች፣ እንዲሁም ባለ ክር አምፑል የገጠሙ አሮጌ መኪኖችን። ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም በደፈናው ነጭ ወይም ቢጫ ይመስላሉ፤ ብርሃናቸው ወደ ቀለማቱ ሲበተን ግን አንዱ ከሌላው ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። አምፑሉን ሳይነቅሉና ሳይሰብሩ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ቆመው፣ ውስጡ ሜርኩሪ መኖር አለመኖሩን በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ሲሪየስ በተባለው ኮከብ ላይ ሃይድሮጅንና ብረት መኖሩን የሚናገሩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ የእነርሱ መብራት 8.6 የብርሃን ዓመት ያህል መራቁ የዘዴውን መሠረት አይለውጠውም።

ይህ መመሪያ አንባቢው ዘዴውን በእጁ እንዲሞክረው፣ ቀጥሎም ሳይንቲስቶች ከዚያው ተነሥተው እስከ ከዋክብት የሚደርሱበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ እንዲከታተል የተዘጋጀ ነው። አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፦ በኮከቡ ላይ ምን ንጥረ ነገር አለ የሚለው ጥያቄ ሰው እንደሚያስበው ከባድ አይደለም፤ ያ ንጥረ ነገር ምን ያህል ነው የሚለው ግን ታላላቅ ሊቃውንትን ሳይቀር ያሳሳተ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ላይ በእጅ ሥራ፣ በሁለተኛው ላይ ደግሞ በትዕግሥት እንቆያለን።

መሣሪያውን መሥራት

የሚያስፈልጉት አንድ የጫማ ካርቶን፣ አንድ አገልግሎቱን የጨረሰ ሲዲ፣ ሁለት ምላጭ፣ ጥቁር ፕላስተር፣ ካተር፣ መቀስና ማስመሪያ ናቸው። ዘፈንና ፊልም በስልክ መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ሲዲ ከሱቅ ማግኘት እየከበደ ቢሄድም፣ በብዙ ቤት የቴሌቪዥን መደርደሪያ ውስጥ አሮጌ የመዝሙር ወይም የሠርግ ዲስክ አይጠፋም፤ የሠርጉን ባለቤቶቹን ሳያስፈቅዱ አይቁረጡ።

ጽሑፍ ባለበት የሲዲው ገጽ ላይ ከመካከል ወደ ዳር በካተር አንድ መስመር ይጫሩ። በጫሩት ቦታ ላይ ሰፊ ፕላስተር አጥብቀው ለጥፈው በፍጥነት ሲስቡት የሚያብረቀርቀው ስስ ሽፋን ከፕላስቲኩ ተላቅቆ ይመጣል። በፋብሪካ ታትሞ ከመጣ ዲስክ ይልቅ በኮምፒውተር የሚቀዳበት ዲስክ ሽፋኑን በቀላሉ ይለቃል። የቀረው ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውስጥ 625 ያህል ጎን ለጎን የተሰለፉ ደቃቅ ቦዮች አሉት፤ ብርሃን በእነዚህ ቦዮች ሲያልፍ እያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት በራሱ ማዕዘን ስለሚታጠፍ ቀለማቱ ይለያያሉ። ኒውተን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፕሪዝም ያደረገውን እርስዎ በሲዲ ያደርጉታል፤ እንዲያውም የዛሬዎቹ ታላላቅ ቴሌስኮፖች ብርሃን የሚበትኑት በአብዛኛው እንደ ሲዲው ባሉ ደቃቅ ቦዮች እንጂ በፕሪዝም አይደለም።

ከፕላስቲኩ ዳርቻ 2 ሴንቲ ሜትር በ2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ በመቀስ ይቁረጡ። ቦዮቹ የዲስኩን ዙሪያ ተከትለው የሚዞሩ በመሆናቸው፣ ከመቁረጥዎ በፊት ወደ ዲስኩ መካከል የሚያመለክተውን አቅጣጫ በቁራጩ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት፤ ኋላ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ካርቶኑ እንመለስ። ካርቶኑን በቁመቱ ወደ ፊትዎ ዘርግተው ሲይዙት፣ ከእርስዎ በሚርቀው አጭር ግድግዳ ላይ፣ ከግራው ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቀዳዳ ይክፈቱ። ሁለቱን ምላጮች ስለታቸው ፊት ለፊት እንዲተያይ አድርገው በቀዳዳው ላይ በፕላስተር ያያይዟቸው። በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ሁለት የደብተር ወረቀት ተደርቦ የሚያልፍበትን ያህል ብቻ ይሁን፤ ሁለቱ ስለቶች ከላይ እስከ ታች እኩል መራራቃቸውንም ያረጋግጡ። ብዙ ሰው ሥራው የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ቀለማቱ የሚያምሩ ቢሆኑም እርስ በርሳቸው ተደራርበው የምንፈልጋቸውን ቀጫጭን መስመሮች ይውጧቸዋል። ከምላጮቹ ፊት ለፊት፣ ለዓይንዎ በሚቀርበው ግድግዳ ላይ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ ከፍተው የሲዲውን ቁራጭ ከውስጥ በኩል ይለጥፉበት፤ ያደረጉት ምልክት ወደ ጎን ማመልከት አለበት፤ ያን ጊዜ ቦዮቹ ከምላጮቹ ክፍተት ጋር ትይዩ ሆነው ይቆማሉ። ክዳኑን ገጥመው ብርሃን የሚያስገባውን ስንጥቅ ሁሉ በጥቁር ፕላስተር ይድፈኑ።

ዓይንዎን ወደ ቁራጩ አስጠግተው ክፍተቱን ወደ አንድ መብራት ሲያዞሩ፣ በግራ በኩል የክፍተቱን ነጭ ብርሃን፣ ከእርሱ በስተቀኝ በዚያው ግድግዳ ላይ ደግሞ ተዘርግተው የሚታዩ ቀለማት ያገኛሉ። ካርቶኑ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ካለው ሐምራዊው ከክፍተቱ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ቀዩ ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀው ይታያሉ። ይህ የቀለማት ዝርጋታ ስፔክትረም ይባላል፤ የሠሩት መሣሪያም ስፔክትሮስኮፕ ነው።

በከተማው መብራቶች መለማመድ

በመጀመሪያ ባለ ክር አምፑል ይመልከቱ። ከሐምራዊ እስከ ቀይ ያለ መቆራረጥ የተያያዘ ቀለም ይታያል፤ የጋለ ጠጣር ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፣ የከሰል ፍምም ሆነ የአምፑሉ ክር ልዩነት የለውም፤ እንዲህ ያለው ስፔክትረም ስለ ሙቀቱ እንጂ ስለ ቁሱ አይናገርም። ቀጥሎ ወደ መንገዱ የኤልኢዲ መብራት ያዙሩት፦ ሰማያዊው ጎልቶ ይወጣል፣ ከእርሱ ቀጥሎ ደብዘዝ ያለ ክፍተት ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ከአረንጓዴ እስከ ቀይ የተንጣለለ ብርሃን ይታያል። ይህም ቢሆን ለእኛ ሥራ ብዙ አይጠቅምም።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከኃይል ቆጣቢው ወይም ከረጅሙ የፍሎረሰንት አምፑል ነው። እዚህ ቀለማቱ ተቆራርጠው፣ በመካከላቸው ጨለማ እየገባ፣ ለየብቻቸው የቆሙ ደማቅ መስመሮች ይሆናሉ። በሰማያዊና በሐምራዊ መካከል 436፣ በአረንጓዴው ላይ 546፣ በቢጫው ላይ ደግሞ ተጠጋግተው በ577 እና በ579 ናኖሜትር (የሞገድ ርዝመት መለኪያ፣ የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) የሚታዩት መስመሮች በአምፑሉ ውስጥ ካለው የሜርኩሪ ጋዝ የሚመጡ ናቸው፤ በቀዩ በኩል የሚታየው ግን ቱቦው ከውስጥ ከተቀባው ዱቄት የሚወጣ እንጂ የሜርኩሪ አይደለም። እነዚህ የሜርኩሪ መስመሮች ከዚህ በኋላ የእርስዎ ማስመሪያ ይሆናሉ፤ ከቀለማቱ በላይ በግድግዳው ላይ በመርፌ ጥቃቅን ቀዳዳ በመብሳት 436ን እና 546ን ምልክት ካደረጉ፣ የሌላውን መስመር ቦታ በርቀቱ መገመት ይቻላል። ሳይንቲስቶችም የኮከብ ብርሃን ከመቅዳታቸው በፊትም ሆነ በኋላ መስመሮቹ አስቀድመው የታወቁ መብራት በዚያው መሣሪያ ውስጥ ያበራሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ማዕድ ቤት ይግቡ። ሽሮ ገንፍሎ ቡታጋዝ ላይ ሲፈስ ሰማያዊው ነበልባል ድንገት ቢጫ እንደሚሆን ያላየ የለም። ያ ቢጫ የጨው ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር በጨው ውስጥ ያለው የሶዲየም ነው። ሙከራውን በሥርዓት ለማድረግ ጥቂት ጨው በውኃ በጥብጠው፣ በእንጨት ስንጥር ጫፍ ነክረው ወደ ነበልባሉ ጠርዝ ያስጠጉት፤ መብራቱን ያጥፉ፣ ነበልባሉ አጠገብ ደረቅ ነገር እንዳይኖር ይጠንቀቁ፣ አንድ ሰውም ስንጥሩን ቢይዝልዎ ይሻላል። በስፔክትሮስኮፑ ውስጥ አንድ ቢጫ መስመር 589 ናኖሜትር ላይ ቦግ ብሎ ይታያል። በእርግጥ ሁለት መስመሮች ናቸው፣ በ589.0 እና በ589.6፤ የካርቶን መሣሪያ ግን ሊለያቸው አይችልም።

ይህንኑ ሥራ በጀርመን ሃይደልበርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1859 እና በ1860 ጉስታቭ ኪርሆፍና ሮበርት ቡንሰን በተራቀቀ መሣሪያ አከናወኑት። የታወቀ ንጥረ ነገር በነበልባል ላይ እያቃጠሉ የእያንዳንዱን መስመሮች መዘገቡ፤ ከታወቀው መዝገብ ውጭ የሆነ መስመር ሲያዩ አዲስ ንጥረ ነገር እንዳገኙ ተረዱ፤ ሲዚየምና ሩቢዲየም የተገኙት በዚህ መንገድ ነው። ዛሬም የከዋክብት ጥናት ሁሉ የቆመው በቤተ ሙከራ ውስጥ በተለካ እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ ነው።

መስመሮቹ ለምን እንደሚመጡ በአጭሩ እናንሣ። በአቶም ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን የሚይዛቸው የኃይል ደረጃዎች የተወሰኑ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የደረጃዎቹን ልዩነት ያህል ኃይል ያለው ብርሃን ይለቃል ወይም ይመጥጣል። ደረጃዎቹ ከንጥረ ነገር ንጥረ ነገር ስለሚለያዩ የመስመሮቹ አሰላለፍም ይለያያል። ከግድግዳ ማዶ የሚመታ ክራር የሰማ ጆሮው የለመደ ሰው፣ ክራሩንም ተጫዋቹንም ሳያይ ቅኝቱ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺ ሆዬ ለይቶ ያውቃል፤ የሚያውቀውም በአንዱ ድምፅ ሳይሆን ድምፆቹ እርስ በርሳቸው ባላቸው ርቀት ነው። ንጥረ ነገርም የሚታወቀው በአንድ መስመር ሳይሆን በመስመሮቹ ጠቅላላ አሰላለፍ ነው።

የቀን ብርሃንና የፀሐይ ጥቁር መስመሮች

መሣሪያውን በምንም ምክንያት በቀጥታ ወደ ፀሐይ አያዙሩ፤ የዓይን ጉዳቱ የማይመለስ ነው። የፀሐይን ብርሃን ለማጥናት ወደ ነጭ ደመና፣ ወይም ፀሐይ ወዳረፈችበት ነጭ ግድግዳ፣ ወይም ፀሐይ ከሌለችበት የሰማይ ክፍል ማዞር ይበቃል፤ ከዚያ የሚመጣው ብርሃንም ያው የፀሐይ ብርሃን ነው። የምላጮቹን ክፍተት ትንሽ ያጥብቡትና ዓይንዎ እስኪለምድ ይጠብቁ። ከሐምራዊ እስከ ቀይ በተያያዘው ቀለም ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ቆመው ይታያሉ። ከሰማያዊው ወደ አረንጓዴው መሸጋገሪያ ላይ 486 የሃይድሮጅን፣ በአረንጓዴው ላይ 517 አካባቢ የማግኒዚየም፣ ጨው ሲቃጠል ቢጫው በታየበት በዚያው ቦታ ላይ ደግሞ 589 የሶዲየም ነው።

እነዚህን መስመሮች እ.ኤ.አ. በ1802 ዊልያም ዎላስተን አይቷቸዋል፤ ከ1814 ጀምሮ ደግሞ ጀርመናዊው የመነጽር ባለሙያ ዮሴፍ ፎን ፍራውንሆፈር ከ500 በላይ የሚሆኑትን ቦታቸውን ለክቶ መዝግቧል፤ ምንነታቸውን ግን ሳያውቅ ሞተ። ኪርሆፍ የደረሰበት ፍቺ እንዲህ ነው፦ የፀሐይ የጋለና የታመቀ ክፍል የተያያዘ ቀለም ይሰጣል፤ ከላዩ ያለው ይበልጥ ቀዝቃዛ የሆነ ጋዝ ደግሞ ራሱ ሲግል የሚለቀውን ቀለም ከሚያልፈው ብርሃን ላይ ይመጥጣል። ስለዚህ በነበልባል ላይ ደማቅ የሆነው የሶዲየም መስመር በፀሐይ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ኪርሆፍ 60 ያህል የብረት ደማቅ መስመሮች እያንዳንዳቸው በፀሐይ ላይ ከአንድ ጥቁር መስመር ጋር እንደሚገጥሙ አሳየ፤ ይህን ሁሉ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው ማለት አይቻልም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት የከዋክብትን ኬሚካዊ ይዘት የሰው ልጅ በምንም መንገድ ሊያውቅ አይችልም ብሎ ከጻፈ ገና 25 ዓመት አልሞላም ነበር።

የመዝገቡን ኃይል ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የሂሊየም ታሪክ ነው። ነሐሴ 13 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1868፣ በሕንድ የታየው ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በተጠናበት ጊዜና ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት፣ ከሶዲየሙ ቢጫ ጥቂት ራቅ ብሎ በ587.6 ናኖሜትር ላይ ሌላ ቢጫ መስመር ተገኘ። ከየትኛውም የምድር ንጥረ ነገር ጋር ስላልገጠመ እንግሊዛዊው ኖርማን ሎክየር የፀሐይ ብቻ የሆነ ንጥረ ነገር ነው አለ። ብዙዎች ተጠራጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1895 ዊልያም ራምሴ ዩራኒየም ካለበት ማዕድን ባወጣው ጋዝ ውስጥ ያንኑ መስመር አገኘው። ዛሬ በልደት ፊኛ ውስጥ የሚሞላው ጋዝ በምድር ላይ ከመገኘቱ ከ27 ዓመት በፊት በፀሐይ ላይ ተገኝቶ ነበር ማለት ነው።

መስመሩ የማን ነው?

አንድ ጥቁር መስመር በኮከቡ ብርሃን ውስጥ ስለታየ ብቻ የኮከቡ ነው ማለት አይቻልም። ብርሃኑ ወደ እኛ ሲመጣ የምድርን አየር ያልፋል፤ አየሩም የራሱን አሻራ ያሳርፋል። ፍራውንሆፈር ካስመዘገባቸው ታላላቅ የቀይ መስመሮች መካከል በ687 እና በ760 ናኖሜትር ያሉት የፀሐይ አይደሉም፤ እኛ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ናቸው። ፀሐይ ወደ አድማስ ስታዘቀዝቅ ብርሃኗ ብዙ አየር ስለሚያልፍ እነዚህ መስመሮች ይጠቁራሉ፤ የእርሷ የሆኑት ግን እንዳሉ ይቆያሉ። ይህ ንጽጽር የአየሩን ከኮከቡ ለመለየት ጥሩ ዘዴ ነው። ኦብዘርቫቶሪዎች (የሰማይ መመልከቻ ጣቢያዎች) በተራራ አናት ላይ ከሚሠሩባቸው ምክንያቶች አንዱም ብርሃኑ የሚያልፈውን አየር ለመቀነስ ነው።

ሁለተኛው ፈተና እንቅስቃሴ ነው። ኮከቡ ወደ እኛ ሲቀርብ መስመሮቹ በሙሉ ወደ ሰማያዊው፣ ሲርቅ ወደ ቀዩ ይገፋሉ። ሆኖም ሁሉም በአንድ ሬሾ ስለሚገፉ፣ ክራሩ ከፍ ወይም ዝቅ ተደርጎ ቢቃኝ ትዝታ ትዝታነቱን እንደማይለቅ ሁሉ የንጥረ ነገሩ አሰላለፍ አይጠፋም። እንዲያውም የግፊቱ መጠን የኮከቡን ፍጥነት ስለሚናገር፣ ለሌላ ጥናት የማይተካ ጥቅም ይሰጣል።

ሦስተኛው ከሁሉ የረቀቀ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ምሽት ላይ ኦሪዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብ ከአዲስ አበባ አናት ብዙም ሳይርቅ ይታያል፤ በመካከሉ በአንድ መስመር ከተሰለፉት ሦስት ኮከቦች በስተምዕራብ ያለው ሚንታካ ነው። ሚንታካ አንድ ነጥብ ቢመስልም እርስ በርሳቸው የሚዞሩ ከዋክብት ናቸው፤ ስለዚህ መስመሮቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1904 ዮሐንስ ሃርትማን ግን አንድ የካልሲየም መስመር ከሌሎቹ ጋር ሳይንቀሳቀስ ቦታውን ይዞ እንደሚቆም አስተዋለ። መስመሩ የኮከቡ ሳይሆን በኮከቡና በእኛ መካከል የሚንሳፈፍ ቀዝቃዛ ጋዝ ነበር። በከዋክብት መካከል ያለው ጠፈር ባዶ አለመሆኑ በዚህ ታወቀ፤ ተመራማሪውም ከዚያ ወዲህ ቀጭንና የማይንቀሳቀስ መስመር ሲያይ መጠርጠርን ተማረ።

ምን ያህል እንዳለ መለካት

እስካሁን የተነገረው አንድ ንጥረ ነገር መኖሩን ነው። ጀማሪ ተመልካች ከዚህ በኋላ በቀላሉ የሚያደርገው ነገር ቢኖር፣ መስመሩ የጠቆረውን ንጥረ ነገር ብዙ ነው፣ የደበዘዘውን ጥቂት ነው ብሎ መደምደም ነው። በፀሐይ ስፔክትረም ውስጥ ከሁሉ የሰፉትና የጠቆሩት በሐምራዊው ጫፍ በ393 እና በ397 ናኖሜትር ያሉት የካልሲየም መስመሮች ናቸው፤ የብረት መስመሮችም በሺዎች ይቆጠራሉ። ከዚህ በመነሣት እስከ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሩብ ድረስ ፀሐይ እንደ ምድር በአብዛኛው ከብረትና ከመሰሎቹ የተሠራች ናት ተብሎ ይታመን ነበር።

ስሕተቱን ለመረዳት መስመሩን የሚሠራው አቶሙ ብቻ ሳይሆን የአቶሙ ሁኔታም መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። የሃይድሮጅን አቶም በዓይን የምናያቸውን መስመሮች ሊመጥ የሚችለው ኤሌክትሮኑ አስቀድሞ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ከተገኘ ነው። በፀሐይ ገጽ ሙቀት፣ ማለትም በ5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ከመቶ ሚሊዮን የሃይድሮጅን አቶሞች አንዱ እንኳ በዚያ ደረጃ ላይ አይገኝም። አንድ ኤሌክትሮን ያጣው ካልሲየም ግን በዚያው ሙቀት ሁለቱን ታላላቅ መስመሮች ለመምጠጥ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። ስለዚህ ለአንድ የካልሲየም አቶም 500,000 ያህል የሃይድሮጅን አቶሞች ባሉባት ፀሐይ ላይ ካልሲየሙ አብልጦ ይጠቁራል። እንደ ሲሪየስ ባለ፣ ገጹ ወደ 10,000 ዲግሪ በሚጠጋ ኮከብ ላይ ደግሞ የሃይድሮጅን መስመሮች እጅግ ይበረታሉ፤ እንደ ቤቴልጁዝ ባለ ቀዝቃዛ ቀይ ኮከብ ላይ ሞለኪውሎች ሳይፈርሱ ስለሚቆዩ የታይታኒየም ኦክሳይድ ሰፋፊ ጥላዎች ቀለሙን ይሸፍኑታል። ሦስቱ ስፔክትረሞች እጅግ የተለያዩ ይመስላሉ፤ የተለያየው ግን ከይዘቱ ይልቅ ሙቀቱ ነው።

ሙቀት አቶሞችን በምን መጠን ኤሌክትሮን እንደሚያሳጣ የሚያሰላውን ቀመር ሕንዳዊው ሜግናድ ሳሃ እ.ኤ.አ. በ1920 አወጣ። ቀመሩን ወስዳ በሃርቫርድ በተከማቹት የስፔክትረም ፎቶግራፎች ላይ የተገበረችው ሴሲሊያ ፔይን፣ እ.ኤ.አ. በ1925፣ በ25 ዓመቷ ባቀረበችው የዶክትሬት ጥናት ሃይድሮጅን በከዋክብት ላይ ከብረትና ከመሰሎቹ አንጻር በሚሊዮን እጅ እንደሚበልጥ አገኘች። በዘመኑ ታላቅ ስም የነበረው ሄንሪ ኖሪስ ራስል ውጤቱ የማይሆን ነው ብሎ ስለመከራት፣ ሃይድሮጅንንና ሂሊየምን በሚመለከት ያገኘችው ቁጥር እውነት ላይሆን እንደሚችል በጥናቷ ውስጥ ጻፈች። ራስል በሌላ መንገድ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1929 እዚያው ውጤት ላይ ደረሰ፤ ትክክል የነበረችው እርሷ ነበረች። በእኔ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንኛውም የቴሌስኮፕ ግኝት በላይ ሊታወስ የሚገባው ይህ ጥናት ነው፤ ምክንያቱም የተጠቀመችው ሌሎች ሲመለከቷቸው የኖሩትን እነዚያኑ መስመሮች ነው።

ዛሬ ሥራው የሚካሄደው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የኮከቡ ሙቀትና የገጹ የስበት መጠን ከቀለሙና ከመስመሮቹ ቅርፅ ይገመታል። ከዚያ የኮከቡ ከባቢ አየር በኮምፒውተር ይሰላል፤ እያንዳንዱ አቶም ብርሃን የመምጠጥ ዕድሉ በቤተ ሙከራ የተለካ ስለሆነ፣ የታሰበ የብረት ወይም የካልሲየም መጠን ተሰጥቶ ስፔክትረም ይዘጋጃል፤ የተሰላው ከታየው ጋር እስኪገጥም ድረስ መጠኑ ይለዋወጣል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ እጅግ የጠቆረ መስመር አቶሙ በእጥፍ ቢጨምር በእጥፍ አይጠቁርም፣ የሚመጠው ብርሃን አልቋልና፤ ስለዚህ ለልኬት የሚመረጡት ደካማና መካከለኛ መስመሮች ናቸው። በዚህ መንገድና በሌሎች ማረጋገጫዎች እንደሚታወቀው ፀሐይ በክብደት ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ሃይድሮጅን፣ አንድ አራተኛ ያህሉ ሂሊየም ሲሆን፣ ብረት፣ ካርቦን፣ ኦክስጅንና የቀሩት ሁሉ ተደምረው ከመቶ 2 አይሞሉም።

የእውነተኛ ኮከብ ስፔክትረም ማንበብ

የካርቶኑ መሣሪያ ለኮከብ አይበቃም፤ የሚገባው ብርሃን በጣም ጥቂት ነው። በሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ሰማዩ ጥርት ባለበት ምሽት እንኳ ሲሪየስ ደብዛዛ ቀለም ቢሰጥ እንጂ መስመር አያሳይም። ከፒያሳ ሆኖ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው ከሚታየው ተራራ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚገኘው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ግን እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት፤ ብርሃን የሚበትን መሣሪያም አለው። ክረምቱ ደመናማ ስለሆነ ጉብኝት የሚያስብ ሰው ከጥቅምት በኋላ ያሉትን ወራት ቢመርጥ ይሻለዋል።

ከቤት ሳይወጡ መሥራት ለሚፈልጉ፣ ስሎን የተባለው የሰማይ አሰሳ የሰበሰባቸው የሚሊዮኖች ከዋክብትና ጋላክሲዎች ስፔክትረም በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። የሚያገኙት እንደ ካርቶንዎ የቀለም ዝርጋታ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች የሚል የመስመር ግራፍ ነው፤ ጥቁር መስመር በግራፉ ላይ ሸለቆ ሆኖ ይታያል። የታችኛው ቁጥር በአንግስትሮም የተሰጠ ስለሆነ ናኖሜትርን በ10 ያባዙ። ይህ አሰሳ የሞገድ ርዝመትን አየር በሌለበት ቦታ እንደሚለካው አድርጎ ስለሚሰጥ፣ በመጻሕፍት 6563 የሚባለው የሃይድሮጅን ቀይ መስመር እዚህ 6565 አካባቢ ቢገኝ ኮከቡ እየራቀ ነው ብለው አይደምድሙ።

መጀመሪያ የግራፉ ጠቅላላ ቅርፅ ወደ ሰማያዊው ወይስ ወደ ቀዩ እንደሚያዘነብል ይዩ፤ ሙቀቱን ይነግርዎታል። ቀጥሎ ሃይድሮጅንን በ6563፣ በ4861፣ በ4340 እና በ4102 ይፈልጉ፤ አራቱም ከተገኙና እጅግ ከሰፉ ሲሪየስን የሚመስል ትኩስ ኮከብ ይዘዋል። እነርሱ ከደከሙና በ3934 እና በ3968 ያሉት የካልሲየም ሸለቆዎች ከጠለቁ ፀሐይን የሚመስል ነው። ግራፉ እንደ መጋዝ ጥርስ እየተሰበረ ወደ ቀዩ ከወጣ ታይታኒየም ኦክሳይድ ያለበት ቀዝቃዛ ኮከብ ነው። ካልሲየሙም ብረቱም ከሙቀቱ ከሚጠበቀው በታች እጅግ ከሳሱ፣ ምናልባት ከባድ ንጥረ ነገሮች ገና ባልበዙበት ዘመን የተወለደ አሮጌ ኮከብ አግኝተው ይሆናል።

ይህ ሁሉ ግን የሚናገረው ስለ ኮከቡ ገጽ ነው፤ ብርሃኑ የሚነሣው ከዚያ ነውና። ስለ ውስጡ አልፎ አልፎ ገጹ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1952 ፖል ሜሪል በአንዳንድ ቀያይ ግዙፍ ከዋክብት ላይ የቴክኒሺየም መስመሮችን አገኘ። የዚህ ንጥረ ነገር ማናቸውም ዓይነት አይረጋም፤ ረጅም ዕድሜ ያለው እንኳ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከዋክብቱ ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ዕድሜ አላቸው። ስለዚህ ቴክኒሺየሙ ከጥንት የተረፈ ሊሆን አይችልም፤ በኮከቡ ሆድ ውስጥ ተሠርቶ ወደ ገጹ የወጣ ነው። የፀሐይን እምብርት በሚመለከት ደግሞ ማስረጃው ከብርሃን ውጭ ይመጣል፤ በጣሊያን ተራራ ሥር የተቀበረው ቦሬክሲኖ የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ውጤት፣ በፀሐይ እምብርት ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ከሚካፈሉበት የኑክሌር ውህደት የሚወጡትን፣ ኒውትሪኖ የተባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ለይቶ አግኝቷል። የኒውትሪኖዎቹ ብዛት በእምብርቱ ካሉት ከእነዚህ ከባድ ንጥረ ነገሮች መጠን ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ከገጹ መስመሮች የተሰላውን ይዘት ከውስጥ በኩል ለመፈተን እየዋለ ነው።